ሐመሩ ሐ

ሌሊት ስምንት ሰዓት፤ ከሽምብጥ በላይ፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ፣
ሐይቁም ተኝቷል፤ እኔና ይታያል ብቻ ነን የምናይ።
ስሙ ይታያል ነው፣ ሥራው ያልታየውን፤
እኔ እመዘግባለሁ እሱ ያገኘውን።

ጥቅምት ሰባት። አበባ እርሻው። ልክ በምሳ መዳረሻ
ዘመናይ፣ ገንዘብ ያዧ፣ ከፈተች የክፍያ ማስታወሻ፤
ካርቶን አቅራቢው ያው ነው፤ ዋጋውም ሰላምታውም የጥንቱ፣
የባንክ ቁጥሩ ብቻ ሌላ ነው፤ ማን ያያል እሱን በጥድፊያ ሰዓቱ?
ካርቶኑ ቀረ። ብሩ ግን ነጎደ፣
ዓባይን ሳይሻገር ባሕር ማዶ ሄደ።

ኅዳር ዐሥራ ሁለት። ሆስፒታል፣ ካርድ ክፍል።
ወይዘሮ አንጓች ስትገባ፣ ኮምፒዩተሩ ‹ተቆልፏል› ይል፤
የሃያ ዓመት ሳል፣ የሃያ ዓመት ምጥ፣ የስኳሩ፣ የደም ግፊቱ ቁጥር
ማንም የማያነበው ሆኖ አደረ፤ መፍቻው በዶላር።
እሷም ከመጋዘን የድሮውን ባሕር መዝገብ አወጣች፣
አቧራውን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ ‹ተራ ያዙ› አለች።

ታኅሣሥ መባቻ። ጨርቃ ጨርቁ።
መፍተያው ማንም ሳያዘው ክር እንደ ጎረሰ ቆመ፤
ፈረቃ መሪው፣ እንደ ልማዱ፣ መብራት ኃይልን ረገመ።

ሦስት ቤት፣ ሦስት ሙያ፤ ማሰሪያው ክር ጠፋኝ።
ፈረቃዬ ሲያልቅ ወደ ሐይቁ ወረድሁ፣ እግሬ እየገፋኝ።

አያ ስመኝ ታንኳውን ፀሐይ ላይ አቁሞ ያደርቃል።
‹እምቦጩስ?› አልሁት። ‹ማን ያውቃል?
ነቀልነው፣ ከመርነው፣ አቃጠልነው፤ አንቺ፣ ዘሩ መች ያልቃል!
ጭቃው ውስጥ ይተኛል። ዓመት ጠብቆ ይነቃል።
አምና ደንቢያ ነበር፤ ዘንድሮ ነፋሱ ዞረና
እኔው መረብ ላይ አደረ፣ እንደ ዘመድ መጣና።
አበባው ሲያምር ደግሞ! እንግዳ ፎቶ ይነሣበታል፤
ከሥሩ ዓሣው አየር አጥቶ ይሞታል።›

‹ዘሩን!› አልሁት ይታያልን ማታ። ‹ቅጠሉን ተወው፤
መጀመሪያ በር ያንኳኳውን ደብዳቤ ነው የምንፈልገው።›
ሦስቱም ጋ ተገኘ። ላኪው የጭነት ማኅበር፣ አበባ፣ መድኃኒት፣ ጥጥ የሚያመላልስ፤
‹ሀመረ ጣና› ይላል። ይታያል አየና፣ ‹ይሄማ ንጹሕ ነው፤ ወደ ሌላ እንመለስ።›
ጮክ ብዬ አነበብሁት፤ ጆሮዬም ንጹሕ አለ።
ዓይኔ ግን አንድ ፊደል ላይ ዋለ።

የኔታ ላቀው፣ ነፍሳቸውን ይማር፣ አለንጋቸው ትዝ አለኝ፤
‹ሀሌታው ሀ! ሐመሩ ሐ! ብዙኃኑ ኀ!› እያሉ ያስቆጠሩኝ።
እኛ ስንስቅ፣ ‹ድምፁ አንድ ከሆነ፣ ሦስት መሆን ለምኑ?›
‹አፍ ላመሳሰለው፣ ልጄ፣ ዳኛው ዓይን ነው፤ ዓይኑ!›
ሐመር በሐመሩ ሐ መርከብ ነው፣ ሰው ያሻግራል፤
በሀሌታው የተጻፈው ግን መሐል ሐይቅ ላይ ይሰወራል።

ማስጠንቀቂያ ጻፍሁ፤ ለባንኩ፣ ለወፍጮው፣ ለትምህርት ቤቱ፣
‹ሐመሩን ሐ እዩ!› ብዬ። ሳምንት ሳይሞላ፣ ዓርብ በሌሊቱ፣
ያው ማስጠንቀቂያ ተመልሶ መጣ፤ ቃሌ፣ ማኅተሜ፣ ፊርማዬ፣
ከሥሩ ‹ይህን አውርዱ› የሚል አዝሎ። ቀዘቀዘ ገላዬ።
ሐመሩ ሐ በቦታው ነው። ሌባው ፊደል ተምሯል፤
ከኔው ደብዳቤ፣ በኔው ድካም፣ ተመርቋል።

ያዝሁት ግን። በምን? በገዛ ስሜ ያዝሁት፤
እኔ፣ ከስንፍናዬ፣ ‹ህብስቴ› ነው የምል፣ ስንት ዓመት ስጽፈው የኖርሁት፤
እሱ ‹ኅብስቴ› ብሎ አርሞልኛል፣ በብዙኃኑ ኅ፣ አሳምሮ።
የኔታ ያቃታቸውን ሌባ አቃንቶት አደረ፣ ተምሮ።

ነጋ። ይታያል ጠረጴዛው ላይ አንቀላፍቷል።
ከታች፣ ውኃው ዳር፣ ሐምራዊ ነገር ፈክቷል።
መዝገቤን ገልጬ ቀኑን ጻፍሁ፤ ከሱ በታች፣ ቀስ ብዬ፣
ስሜን፤ በዚያው በስሕተቱ፣ እሱ ሆኗልና ጠባቂዬ።